ልቃቂትና «ቤት ለእንቦሳ» ያለው ጭራቅ

«ተረት ተረት!»
«የመሠረት!»
ምነው፣ ቁርስ አልበላችሁም እንዴ? እንደገና! «ተረት ተረት!»
«የመሠረት!»
እንዲያ ነው!

በድሮ ጊዜ ትብለጥ በምትባል ልጅ ገላ ውስጥ አንድ አገር ነበር። የአገሩ ጠባቂዎች ነጫጭ ነበሩ። ሐኪሞች ነጭ የደም ሴሎች ይሏቸዋል። ከሁሉም ትንሿ ልቃቂት ነበረች። ቀን ከሌት ክር ትፈትላለች። «ክር ደግሞ ማንን ይገድላል?» እያሉ ይስቁባት ነበር።

አንድ ቀን ትብለጥ እጇን ሳትታጠብ ሸንኮራ መጠጠች። ሐኪሞች ቫይረስ የሚሉት አንድ ጭራቅ በአፏ ገባ። ያገሩን ሰው ካባ ለብሷል፤ ያገሩን ሰላምታም አጥንቷል። የጉሮሮን በር አንኳኳ።
«ቤት ለእንቦሳ!»
ያገሬው ሰው እንግዳ ይወዳልና፣ ማን ነህ እንኳ ሳይሉ «እንቦሳ እሰሩ!» ብለው ከፈቱለት። ወዮላቸው! ገብቶ ተባዛ፤ እልፍ ሆነ። ቀጥሎ የሳንባን በር አንኳኳ።
«ቤት ለእንቦሳ!»
«እንቦሳ እሰሩ!»
እዚያም እልፍ ሆነ። ትብለጥ በትኩሳት ነደደች። እናቷ አጠገቧ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ፈጥኖ ደራሾቹ ነጭ ጠባቂዎች ሮጠው መጡ። ተናነቁት፤ ብዙዎቹም ወደቁ። ጎራዴ ታጣቂው ጠባቂ ደግሞ የተያዙትን ቤቶች ከነጭራቆቹ አፈረሰ። አባትየው ጭራቅ ግን አመለጠ፤ ወደ ልብ ገሰገሰ። የልብ በር ከተከፈተለት ትብለጥ ትሞታለች።

ሆደ ሰፊ የሚባለው በላተኛ ጠባቂ የጭራቁን ካባ ጫፍ ቦጭቆ ለልቃቂት አመጣላት።
«ልጄ፣ ይሄን የሚይዝ ክር ፍተዪ። ቶሎ በይ!»
ፈተለች። አልያዘም። ደግማ ፈተለች። አንሸራተተ። ጭራቁ የልብ በር ደርሷል! ለሦስተኛ ጊዜ ፈተለች። ክሩ ካባው ላይ ጥብቅ አለ። ይዛው በረረች።

ኳ! ኳ! ኳ!
«ቤት ለእንቦሳ!»
የልብ ሰዎች መቀርቀሪያውን ሊያነሱ እጃቸውን ሰደዱ። ልቃቂት በሩ ፊት ተገተረች።
«እንቦሳውማ ታስሯል፤ ያልታሰርከው አንተ ነህ!»
ክሩን ወረወረች። እጅ እግሩን ተበተበችው። ሆደ ሰፊም ዋጥ አደረገው።

ትብለጥ ላብ በላብ ሆነች። ዓይኗን ገለጠችና «እማዬ፣ ራበኝ» አለች።

ልቃቂት ያን ክር አልጣለችም፤ ሸሽጋ አኖረችው። ከዓመታት በኋላ የጭራቁ ወንድም ያንኑ ካባ ለብሶ መጣ። ገና «ቤት ለእን...» ሲል ታሰረ። ትብለጥ ያኔ ገመድ ትዘል ነበር፤ ምንም አልሰማችም።

ልጆቼ፣ ሰላምታ ያወቀ ሁሉ ወዳጅ አይደለም። ትንሽ ሰውንም አትናቁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ? ጭራቅማ ማን ነው!

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ፤ ዳቦውን ግን በታጠበ እጅ ቁረሱ!