ዳለቻና ሙሉው ጆንያ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ድሮ፣ እንስሳው ከሰው፣ ዕቃውም ከእንስሳው ጋር በሚያወጋበት ዘመን፣ ዳለቻ የምትባል አህያ ነበረች። ጌታዋ ይርሳው ሁለት ጆንያ ማሽላ ጭኖባት ወንዝ ስትሻገር አዳለጣትና ወደቀች። ወገቧ ቀጭ አለ።

ወር ሙሉ ጋጣ ውስጥ ተኛች። አንድ ቀን ይርሳው ለሚስቱ ለዘርፌ ሲናገር ሰማችው።

«አዝመራው እስኪደርስ እጠብቃታለሁ። ያን ጊዜ ጭነት ካልቻለች ግን ሜዳ ላይ እለቃታለሁ።»

ሜዳው የጅብ ነው። ዳለቻ ሣሩ አልዋጥላት አለ።

ጥግ ላይ የቆመው ሙሉ ጆንያ አያት። «ምን ያስጨንቅሻል? ዛሬውኑ ተሸከሚኝና ጌታሽ ይይሽ፤ ነገሩ ያልቃል» አላት።

እውነት መሰላት። ጎንበስ ብላ ጀርባዋን ሰጠችው፤ ጆንያው ዘፍ አለባት። ሦስት እርምጃ እንኳ ሳትሄድ ወገቧን እንደ ጦር ወጋት፤ ተንበረከከች። ጆንያው ተንከባሎ ወረደና፣ «እኔ ምን ላድርግሽ?» አለ።

በደጅ ሲያልፍ የነበረ ኤሊ ልቅሶዋን ሰምቶ ገባ። ዕድሜ ልኩን ቤቱን በጀርባው የተሸከመ ሽማግሌ ነው።

«ልጄ፣ መተኛቱም አይበጅሽ፣ መጣደፉም አይበጅሽ» አላት። «መጀመሪያ ባዶሽን ሂጂ። ስትነሺ በእግርሽ ኃይል ተነሺ፣ ሆድሽን ጠበቅ አድርጊ፣ ወገብሽን አትጠምዝዢ። ቢደክምሽ ቀስ ብለሽ ቀጥዪ፤ ከወጋሽ ግን አቁሚ።»

«አባባ ኤሊ፣ አዝመራው ቢቀድመኝስ?»

«እኔም ፈርቼልሻለሁ፤ ግን ሌላ መንገድ አላውቅም።»

ዳለቻ ባዶዋን ሄደች። ሰነበተችና ባዶ ስልቻ ጣል አድርጋ ሄደች። ወገቧ ዝም ሲላት ስልቻው ላይ አንድ ቁና እህል ጨመረች። አንድ ጠዋት ወጋት፤ ደነገጠች፤ እህሉን አራግፋ እንደገና ባዶዋን ሄደች። ማሽላው ግን በየቀኑ እየቀላ ነው።

«ማጭድ እየተሳለ ነው እኮ! ተሸከሚኝ!» አላት ጆንያው።

«ገና ነኝ» አለች።

«ጅቡ ይጠብቅሻል! ተሸከሚኝ!»

«ገና ነኝ።»

«ነገ ነው! ተሸከሚኝ!»

«ገና ነኝ» ብላ ስልቻዋን ተሸክማ ወጣች።

አዝመራው ደረሰ። ይርሳው አንዱን ጆንያ ጫነባት። ዳለቻ ሆዷን ጠበቅ አድርጋ ቆመች፤ ወገቧም ቻለ። ሁለተኛውን ሲያነሳ ግን ጭንቅ ያዛት። ዝም ብትል ወገቧ፣ ብትናገር ጅቡ።

«ጌታዬ፣ አንዱን አደርሳለሁ። ሁለቱን ግን አልችልም» አለች።

ይርሳው ፊቱ ጠቆረ። «ግማሽ አህያ ምን ታደርግልኛለች?»

«አንተ ሰውዬ!» አለች ዘርፌ ከኋላው። «አውድማው እዚሁ አይደል? ትመላለስ እንጂ! ሜዳ ብትለቃትስ ማን ሊሸከምልህ ነው? አንተ?»

ይርሳው ጆንያውን እንዳቀፈ ቆመ። ኋላም ጆንያውን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ሂጂ እስቲ» አላት።

ሄደች። ተመለሰች። ደግሞ ሄደች። ማሽላው ሁሉ ጎተራ ገባ፤ ጅቡም ሌላ ራት ፍለጋ ሄደ።

የተጎዳ ገላ ጉልበቱ የሚመለሰው ጥቂት በጥቂት ሲለማመድ ነው፤ በቃኝ ማለትን ማወቅም ከጉልበት ይቆጠራል። ተረቴ እዚህ ላይ አረፈ፤ ለእናንተም ወገባችሁን ይጠብቅላችሁ።