የመጀመሪያዋን ጥይት የሚተኩስ ሰው

አንድ ቀለህ የሚሞላ ሰው ነበረ።

ልጁን የቀበረ አባት በእጁ ሥራ ቢኮራ ነውር ነው ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። ነውር ነው ወይም አይደለም ብዬ በአንድ ቃል ልመልስልህ እችል ነበር፤ ግን አታምነኝም። የዚህን ሰው ነገር ልንገርህና ራስህ ፍረድ።

አገሩ ቆላ ነው። ሰዉ ማሽላ ይዘራል። ማሽላው ሲያፈራ ከርከሮ ከጫካ ይወጣል፤ ጠባቂ የሌለው ማሳ ሲነጋ ተሰባብሮና ተረጋግጦ ይገኛል። ስለዚህ በየቤቱ አንዳንድ አሮጌ ጠመንጃ አለ። አዲስ ጥይት ግን የሚመጣው ከሩቅ ነው፤ እሱም ሲገኝ ነው። ሰው ከተኮሰ በኋላ ባዶውን ናስ፣ ቀለሁን፣ ሣር ውስጥ ፈልጎ ያነሣል። በአመድ አሽቶ ያጥበዋል። ከዚያ ወደዚህ ሰው ያመጣዋል። እሱ ከሥሩ ያለችውን መቀጣጠያ ይለውጣል፣ ባሩድ ሰፍሮ ይጨምራል፣ እርሳሱን ከላይ ይገጥማል። ባዶው ቀለህ እንደገና ጥይት ይሆናል።

ሥራው ለሚያየው ቀላል ይመስላል። አይደለም። አንድ ዓይነት ጠመንጃዎች እንኳ እኩል ባሩድ አይችሉም፤ ከአቅሙ በላይ የተሞላበት ጠመንጃ በተኳሹ ፊት ላይ ይፈነዳል። አንዱ አርጅቷል፤ የሌላው አፈሙዝ ሰፍቷል። ስለዚህ ሰውዬው ለእያንዳንዱ ጠመንጃ ለብቻው መስፈሪያ ነበረው። መስፈሪያው ከፍየል ቀንድ ጫፍ የተቆረጠ ሆኖ ከአውራ ጣት አይበልጥም። ሁሉም በክር ታስረው ከግድግዳው ላይ ተንጠልጥለዋል። የየትኛው ጠመንጃ መስፈሪያ የትኛው እንደሆነ በእጁ ዳስሶ ያውቀዋል። ልኩ የበዛ እንደሆነ ሰም አቅልጦ ከሥሩ ያንጠባጥብበታል። ያነሰ እንደሆነ ሰሙን በቢላዋ ጫፍ ይፍቀዋል። ሲሰፍር ቀንዱን አይነቀንቅም፤ የተነቀነቀ ባሩድ ይጠቀጠቅና ከልኩ በላይ ይገባል። ዝም ብሎ ይሞላዋል፤ አፉን በላባ ይጠርገዋል፤ ያፈስሰዋል። በቃ።

ከአባቱ የተቀበለው አንድ ሕግ ነበረው። የመስፈሪያን ልክ የለወጠ ሰው፣ በዚያ ልክ የተሞላችውን የመጀመሪያዋን ጥይት ራሱ ይተኩሳታል፤ ጉንጩን ከሰደፉ ላይ አስደግፎ። ባለ ጠመንጃው የሚረከበው ከዚያ በኋላ ነው። ሰውዬው በዚህ ይኮራ ነበር። ገበያ መሐል ቆሞ «የእኔ ጉንጭ ያልነካው ጠመንጃ በዚህ አገር የለም» ይላል። ሰው ይስቅበታል። ነገር ግን ሌላ ዘንድ ሄዶ የሚያስሞላ አልነበረም።

አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። ባሩድ ሲሰፍር እንዳትቀርበው በደጃፉ ላይ ገመድ ይወጥር ነበር። እሷ ከገመዱ ማዶ ቆማ ስታወራው ትውላለች። በክረምቱ መውጫ ንዳድ ያዛት። ሞተች።

ጎረቤቱ መጥቶ አብሮት ተቀመጠ። ሰውዬው ራሱን ተላጭቶ፣ ከል ለብሶ፣ ከግቢው ጥግ መሬት ላይ ዋለ። ማንም ቀለህ አላመጣበትም። በዚያው ሰሞን አገሩ የለመደው ባሩድ አለቀ። ማሽላውም እሸት ያዘ።

በለቅሶው መሐል አንድ ባለጸጋ መጣ። ከሁሉ የሰፋው ማሳ የእሱ ነው፤ ከሁሉ የተሻለችው ጠመንጃም የእሱ ናት። ጠመንጃዋን በትከሻው፣ አንድ ከረጢት ባሩድ በእጁ ይዞ ነበር።

«እግዜር ያጥናህ» አለና ጥቂት ተቀመጠ። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ። «ከርከሮው ጨረሰን። ከአንድ ነጋዴ አዲስ ባሩድ አግኝቻለሁ። አንተ ሐዘንተኛ ነህ፤ እጅህ አይጸናልህም። የጠመንጃዬን መስፈሪያ ስጠኝና እኔው እሞላዋለሁ።»

«እስቲ ባሩዱን ልየው» አለ ሰውዬው።

ቆንጥሮ በጣቱ አሸው። ደቃቅ ነው፤ ያብረቀርቃል። ጥቂቱን ከድንጋይ ላይ አደረገና ጫፉ በተያያዘ ረጅም እንጨት ነካው። የድሮው ባሩድ ሲነድ ይንተከተክ ነበር፤ ጭስ ያበዛል፤ ድንጋዩን ያጠቁራል። ይህኛው ግን ብልጭ ብሎ ጠፋ። ድንጋዩ እንደነበረ ቀረ።

«ይሄ ሌላ ባሩድ ነው፣ ጌታው» አለ። «መስፈሪያዎ አያውቀውም።»

«እሰይ! ደግሞ መስፈሪያም ማወቅ ጀመረ!» ባለጸጋው ሳቀ። «ባሩድ ባሩድ ነው፤ ቀንዱም ያው የፍየል ቀንድ። ምን የሚተዋወቁት ነገር አላቸው?»

ለቀስተኞቹ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ። አንዱ ለጎኑ ሰው «ተወው፣ ልቡ አልተመለሰም» አለ። ሰውዬው ሰማው።

ተነሣ። ወደ ቤት ገባና እንደ ልማዱ በደጃፉ ላይ ገመዱን ወጠረ። ማንም ከገመዱ ማዶ አልነበረም። ከግድግዳው የባለጸጋውን መስፈሪያ አወረደ። ሰም አቅልጦ አንጠባጠበበት፤ ግማሹን አለፈ፤ አሁንም ጨመረበት። በተረፈችው ጥቂት ጎድጓዳ ባሩዱን ሰፍሮ አንድ ቀለህ ሞላ። ከዚያ ወጥቶ የባለጸጋውን ጠመንጃ አነሣ።

ያን ጊዜ ሚስቱ ከሴቶቹ መሐል ብድግ አለች።

«አንተም ልትሄድብኝ ነው?» አለችው።

ለቀስተኞቹ ሁሉ ወደ ሰውዬው ዞሩ።

«ከትንሹ ልክ ነው የምጀምረው» አላት። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔም ፈርቻለሁ» አላት።

አልተቀመጠችም። እንደቆመች ቀረች። እሱ ጉንጩን ከሰደፉ ላይ አስደግፎ ማዶ ባለው የደረቀ ግንድ ላይ አነጣጠረ፤ ተኮሰ።

ጠመንጃዋ እህ ብላ ዝም አለች። እርሳሱ ከግንዱ ሳይደርስ አፈር ላይ ወደቀ።

«አስነጠሳት!» አለ አንዱ።

«ይማርሽ በሏት እንጂ!» አለ ሌላው።

ባለጸጋው ጭኑን እየመታ «ከርከሮውን በሳቅ ልትገድለው ነው እንዴ?» አለ። «ድሮ ልኩን በአንድ ተኩስ ትጨርሰው አልነበረም?»

 ሰውዬው ጠመንጃዋን ከፍቶ ቀለሁን አወጣ፤ ሥሩን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ ወደ ቤት ተመለሰ። ከሰሙ በስሱ ፋቀ። ሞላ፣ ወጣ፣ ተኮሰ። ቀለሁን አውጥቶ ዳሰሰ። ገባ፣ ፋቀ፣ ሞላ፣ ወጣ፣ ተኮሰ። የሚስቁት ቀስ በቀስ መሳቅ ተዉ። ሚስቱ በየተኩሱ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ድምፁ ሲያልፍ ትከፍታለች። በመጨረሻ ግንዱ ተሰነጠቀና ስንጥሩ ወደ ላይ ተወረወረ። ሰዉ «በቃ!» አለ። ሰውዬው ግን ቀለሁን ሲያወጣው ትንሽ አንገራገረው። ባሩድ ሲበዛበት ቀለህ ከጠመንጃው ይጣበቃል፤ ይህን ማንም አላየም፤ እሱ በእጁ አወቀው። ተመልሶ ገባና አንድ ጠብታ ሰም ጨመረበት። በዚያም ልክ ሞልቶ ተኮሰ። ግንዱ እንደገና ተመታ፤ ቀለሁም ያለ ትግል ወጣ።

«ልኩ ይሄ ነው» አለ። መስፈሪያውን ለባለጸጋው ሰጠው።

ባለጸጋው በአንድ ዓይኑ ወደ ቀንዱ ውስጥ አየ። «ግማሹ ሰም ነው! በገዛ ባሩዴ ልትሰስትብኝ ነው? ጨምርበት። የእኔ ጠመንጃ እንደ ሌላው ሰው ጠመንጃ አይደለችም።»

«እስከ የት ልጨምር?»

«እስከዚህ።» ባለጸጋው በጥፍሩ ከቀንዱ አፍ አጠገብ አሳየው።

ሰውዬው ሰሙን እስከተባለው ድረስ ፋቀው። መስፈሪያውን ባሩድ ሞላው፤ በላባ ጠረገው። ባዶ ቀለህ በግራ እጁ ይዞ ቀንዱን ከቀለሁ አፍ በላይ ዘንበል አደረገና ሳያፈስስ ቆመ።

«ልኩን ያወጡት እርስዎ ነዎት» አለ። «እንግዲህ የመጀመሪያዋን እርስዎ ይተኩሷታል። ላፍስሰው?»

ባለጸጋው ጠመንጃዋን አነሣ። ሰደፏን ወደ ትከሻው አስጠጋ። ጉንጩ ሳይነካት መልሶ አወረዳት። ዙሪያውን ቢያይ ሁሉም ሰው እሱን እሱን ያያል።

«እኔ መቼ እተኩሳለሁ» አለ። «ማሳ የሚጠብቀው ልጄ ነው።»

ሰውዬው ይህን ሲሰማ ባሩዱን ወደ ከረጢቱ መልሶ ገለበጠው። የተላጨ ራሱን ቀና አደረገ፤ ከሉን በትከሻው አስተካከለ። ጎረቤት ማዶ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ተናገረ።

«እንግዲያው ንግግራችን አልቋል። የሰው ልጅ በሚተኩሳት ጥይት ላይ አልከራከርም። ወይ በእኔ ልክ ትሞላለች፣ ወይ ጠመንጃዎን ይዘው ይሂዱ። ይህን ልክ ከእኔ በልጦ የሚያወጣ በዚህ አገር የለም። ልጄን ቀብሬያለሁ፤ እጄን አልቀበርኩም።»

ባለጸጋው ጠመንጃዋን ከጎኑ አስቀመጠ። ከዚያ ከለቀስተኞቹ ጋር መሬት ላይ ተቀመጠ።

«በአንተው ልክ ሙላት» አለ። ድምፁ እምብዛም አይሰማም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ጠመንጃውን ሊያመጣ ሄደ። ሰውዬው የእያንዳንዱን መስፈሪያ አወረደ፤ ከትንሹ እየጀመረ ልኩን አወጣ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁሉ ራሱ ተኮሰ። ሥራው ብዙ ቀን ፈጀበት። ጉንጩ አብጦ ጠቆረ። ማታ ማታ ሚስቱ ቅቤ ትቀባለታለች፤ እሱም ያን ጊዜ ያለቅሳል። በዚያ ዓመት ማሳ ጠባቂዎቹ ሁሉ ዓይናቸውም ጣታቸውም ደህና ሆኖ ወደ ቤታቸው ገቡ።

ነገር ግን ያን ዕለት፣ ባለጸጋው ከተቀመጠ በኋላ፣ አንዲት አሮጊት ከለቅሶው መሐል እንዲህ ብላለች፦ «አይ ጊዜ! የልጁ መቃብር ሳይደርቅ እንደ ሙሽራ ደረቱን ይነፋል!» ብዙዎቹም ራሳቸውን ነቅንቀውላታል።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። ያቺ አሮጊት የተናገረችውን አንተ ለራስህ ትናገራለህ። ሰውዬው ልጁን ረስቶ የኮራ መስሏታል። ረስቶ ቢሆን ኖሮ «ማሳ የሚጠብቀው ልጄ ነው» የሚለው ቃል ምን አድርጎት ባሩዱን ገለበጠ? ያን ቃል ግቢው ሁሉ ሰምቶታል። እንደ እሱ የሰማው ግን አልነበረም፤ ልጅ ማጣት ምን እንደሆነ እሱና ሚስቱ ያውቁታልና። አንገቱን ደፍቶ፣ አፍሮ፣ እንደ እናንተ ይሁን ቢል ኖሮ መስፈሪያውን አሳልፎ ይሰጥ ነበር። ሐዘን ብቻውን እምቢ ለማለት አቅም አይሰጥም። እምቢ ያሰኘው ኩራቱ ነው፤ ደግሞም ባዶ ኩራት አልነበረም፤ በጉንጩ የተመሰከረ ነበር።

አንተም የትምህርት ቤቱን ጣራ ጨርሰህ ስትወርድ ሰው አጨበጨበልህ። ቀና አልክ። ወዲያው ልጅህን አስታወስክና አፈርክ። እኔ ግን ከሥር ሆኜ ሳይህ ነበር። ጠሟል ብለህ ወራጁን እንጨት ነቅለህ እንደገና ስትመታ አይቻለሁ። ሌላ ሰው ሳታወጣ ራስህ በላዩ ላይ ስትራመድበት አይቻለሁ። ነገ ከዚያ ጣራ ሥር የሚቀመጡት የሰው ልጆች ናቸው።

ቤትህ ስትገባ አልቅስ፤ ማንም አይከለክልህም። ግን በትምህርት ቤቱ በር ስታልፍ «ይህን ጣራ ማን ሠራው?» ብለው ቢጠይቁህ፣ መሬት መሬት አትይ። «እኔ ነኝ» በል።