ዳማ ዝም ያለች ጊዜ

ተረት አለኝ። ጠጋ በሉ፤ ደግሜ አልናገርም። ብረት ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን የሆነ ነው። እኔ የሰማሁት በክፉ ጊዜ ነበር። ስለ ጊዜው አልነግራችሁም፤ ተረቱን ግን እነግራችኋለሁ።

ገደል አፋፍ ላይ ባለች መንደር ወልደሩፋኤል የሚባል ሰው ይኖር ነበር። አንዲት አሮጌ መኪና ነበረችው። አራቱም ጎማዎቿ የሚጎትቱ፣ ጭቃም ድንጋይም የማይመልሳት ነበረች። ብረቷ ዝጎ እንደ ዳማ ፈረስ ስለቀላ «ዳማ» ይላታል። በመንደሩ ሌላ መኪና የለም፤ ጋራዥም የለም። ዳማ ስትታመም የሚያክማት እሱ ራሱ ነው፤ ግቢው ውስጥ፣ ዋንዛው ሥር፣ በጀርባው ተንጋሎ።

የሚያክማት በጆሮው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩን ያስነሳል። ረጅሙን ካቻቢቴ ያመጣና ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርጋል። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ካቻቢቴው የታመነ መልእክተኛ ነበር። ከብረቱ የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ያደርሳል። ራዲያተሯ ፈሰስኩ ብላለች ይለዋል፤ ወልደሩፋኤል አውርዶ ይበይዳታል። ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ደረቅኩ ብሏል ይለዋል፤ ጎማውን ፈትቶ፣ ኩሽኔታውን አጥቦ ግራሶ ያጎርሰዋል። ፍሬኑ ጎማ የምይዝበት ሸራዬ አለቀ ብሏል ይለዋል፤ ሸራ ይቀይርለታል። የታመመው ይጮሃል፣ የጮኸው ይሰማል፣ የተሰማው ይድናል። እንዲህ ሆነው ብዙ ዓመት ኖሩ።

ዳማ አረጀች። ራዲያተሯ ስትበየድ ኩሽኔታው ይጮሃል። ኩሽኔታው ሲታጠብ ፍሬኑ ይጮሃል። ፍሬኑ ሲጠገን ራዲያተሯ እንደገና ትጮሃለች። ወልደሩፋኤል ከመኪናዋ ሥር ሳይወጣ ቅዳሜው ይመሽበት ጀመር።

ቢምረው የሚባል ጎረቤት ነበረው። ቀልድ ካልተናገረ የሚታመም ሰው ነው። አንድ ቀን እድር ላይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ እንዲህ አለው፦

«አቶ ወልደሩፋኤል፣ ባለቤትዎ እርስዎን የሚለዩት በእግርዎ ነው አሉ። ሌላው አካልዎ መኪናው ሥር ነዋ!»

ሰው ሳቀ። ወልደሩፋኤል አልሳቀም። ቤቱ ደርሶ የዳማን ኮፈን በቡጢ መታው።

«ስሚኝ» አላት። «ከእንግዲህ አንዲት ድምፅ ካሰማሽ ለቁራሌዎቹ ነው የምሰጥሽ። ቆራርጠው ምስማር ያደርጉሻል።»

ይህን ብሎ ገባ። ራቱን በላ፤ ተኛ፤ ረሳው። ዳማ አልረሳችውም። እንዲህ የተባለ አይረሳም። አውቃለሁ።

እሑድ ሰዎቹ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ዳማ ውስጥ ጉባኤ ተቀመጠ። የሰበሰበው አያ ሞተር ነው። ራዲያተር መጣች፣ ኩሽኔታ መጣ፣ ፍሬን መጣ። ከኋላው ወንበር ስፖንጅ ውስጥ ደግሞ እመት አይጢት ወጣች። ልጆቿን እዚያ ውስጥ ወልዳ ነበርና፣ ዳማ ከተቆረጠች ልጆቿን ይዛ የምትገባበት የላትም።

አያ ሞተር ነገሩን አስረዳ። የሚጮህ ካለ ሁላችንም ምስማር እንሆናለን አለ። ምን ይሻላል ተባባሉ። በመጨረሻ እመት አይጢት ጢሟን ጠረገችና ተናገረች።

«እናንተ መዳን ነው የምትፈልጉት ወይስ ደህና መባል? መዳን እኔ አላውቅም። ደህና መባልን ግን ለእኔ ተዉት።»

መጀመሪያ ወደ ራዲያተር ሄደች። ራዲያተር ሽንቁር አለብኝ፣ ሲሞቀኝ አፏጫለሁ አለቻት። አይጢት ከልብስ ማጠቢያው ሥር የሳሙና ቁራጭ አምጥታ ሽንቁሩን ደፈነችው። ፉጨቱ ቆመ።

ቀጥላ ወደ ኩሽኔታ ሄደች። ኩሽኔታ ደርቄያለሁ፣ ስዞር እፈጫለሁ አላት። አይጢት ከወንበሩ ስፖንጅ ነጭታ ጠቀጠቀችበት። ፍጭቱ ቆመ።

በመጨረሻ ከግራሶው ጣሳ በጭራዋ ጠቅሳ ወደ ፍሬን ሄደች። ፍሬን ግራሶውን ሲያይ ደነገጠ።

«እመት አይጢት፣ ግራሶ የኩሽኔታ ምግብ ነው። ለእኔ መርዝ ነው።»

«ከተቀባህ ትጮሃለህ ወይስ አትጮህም?»

«አልጮህም።»

«ታዲያ ሌላ ምን ፈለግህ?»

«መያዝ» አለ ፍሬን። «ሸራዬ ከተንሸራተተ ጎማ መያዝ አልችልም።»

ሁሉም አጉረመረመበት። እኛን ልታስቆርጥ ነው ወይ አሉት። አያ ሞተርም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተቆጣው።

«ወንድሜ፣ መያዙን ቁልቁለት ላይ ስንደርስ እናስብበታለን። ዛሬ የመጣብን መጋዝ ነው።»

ፍሬን አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ከጎኑ የቆመ አልነበረም። ተቀባ።

ቅዳሜ ወልደሩፋኤል ካቻቢቴውን ይዞ መጣ። ራዲያተሯን ነካ፤ ዝም። ጎማውን በክሪክ አንሥቶ አሽከረከረው፤ ኩሽኔታው ዝም። ፍሬኑን ረገጠ፤ ፍሬኑም ዝም። ካቻቢቴው እጁ ላይ ቀዘቀዘ።

«ምን ይላሉ?» አለው ወልደሩፋኤል።

«ምንም አይሉም። ጌታዬ፣ እኔ ግን አልወደድኩትም። ጤነኛ ብረት እንኳ ሲሠራ ያንጎራጉራል።»

ወልደሩፋኤል ክፉ ወሬ ለምደህ ነው ብሎ ዕቃ ሳጥኑ ውስጥ ወረወረው። ሚስቱን ትብለጥን ጠራት። ቢምረውንም ና ስማ አለው። ቢምረው ኮፈኑ ላይ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠና፣ ይቺማ ጨዋ ሆናለች፣ ለሚስቴም መድኃኒቱን ንገሩኝ ብሎ ቀለደ። የዚያን ቀን ወልደሩፋኤል ከሁሉም በላይ ሳቀ። ሰኞ ገብሳቸውን ጭኖ ሁለቱንም ቆላ ገበያ እንደሚያወርዳቸው ተናገረ።

ሰኞ ወጡ። መንገዱ በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው በኩል ገደል ነው። ከገደሉ በታች ጉም እንጂ መሬት አይታይም።

ቁልቁለቱ ሲጀምር ራዲያተሯ ውስጥ ያለው ውሃ ፈላ፤ ሳሙናው ሟሟ። ውሃው በሰፊው ፈሶ አለቀ፤ ለመፏጨት ጊዜም አልሰጣት። አያ ሞተር ጉሮሮው ደረቀ። ደርቆም ዝም አለ። እንደታፈነ ጠፋ።

ወልደሩፋኤል ደነገጠ። ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ ሊቀይር ሲል መኪናዋ ከእጁ አመለጠች። ፍሬን ረገጠ። ሸራው ግራሶው ላይ ተንሸራተተ። እንደገና ረገጠ። ተንሸራተተ። በሁለት እግሩ ቆሞበት ረገጠ። ፍሬን ልያዝ አለ፤ አልቻለም። ልጩህ አለ፤ አፉ ግራሶ ሞልቶታል።

ያ ሁሉ ብረት ወደ ገደል ሲወርድ ኮሽታ አልነበረውም። ከዚህ ተረት የሚያስደነግጠኝ ይኸ ነው። ነፋሱ ብቻ ነበር የሚሰማው።

«ያዛት እንጂ» አለች ትብለጥ።

«አልያዝ አለችኝ።»

ከዚያ ጮኸ። በዚያ ቁልቁለት ላይ ብረቱ ሁሉ ዝም ሲል የጮኸው ወልደሩፋኤል ነው።

ጥምዝማዙ ላይ ሊወድቁ ሲሉ በተራራው በኩል ያለው ኩሽኔታ ግሎ ስፖንጁን አቃጠለና ተጣበቀ። ያ ጎማ በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። ዳማ ወደ ተራራው ተጎተተች፣ ከአለቱ ተላተመች፣ ቆመች። የኋላ ጎማዋ ገደሉ አፍ ላይ ነበር።

ገብሱ ከተቀደደው ጆንያ እየፈሰሰ ነበር። እመት አይጢት ልጆቿን በአፏ አንጠልጥላ ስትሮጥ አዩ፤ ያባረራት የለም። ቢምረው አፉን ከፈተ፤ ቀልድ ፈለገ፤ አጣ። አፉን መልሶ ዘጋ።

ወልደሩፋኤል ጎማ ፈታ። ፍሬኑን አየ። ግራሶ። በጣቱ ነካው፤ አሸተተው፤ አላመነም። ቀና ብሎ ቢምረውን አየው። ቢምረው በልጆቹ ማለ። ያን ጊዜ ወደ መኪናዋ ዞረ።

«ዳማ፣ ማነው ይኸን የሠራብሽ?»

«እኛው ነን።»

«ለምን?»

«ድምፅ ካሰማሽ አስቆርጥሻለሁ አልከኝ።»

«እኔ? መቼ?»

አልዋሸም። አላስታወሰውም። የመለሰችለት ትብለጥ ናት።

«ከእድር የመጣህ ዕለት። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ።»

«አንቺም ሰምተሻል?»

«ጎኔን ያመኝ ነበር። ያን ቀን ልነግርህ ነበር የወጣሁት። ኮፈኑን ስትመታ አየሁና ተመለስኩ። እስካሁን ያመኛል።»

ወልደሩፋኤል ገደሉን አይቶ ነበር፤ ገደሉ እንደዚህ አላስደነገጠውም። መንገዱ ላይ ተቀመጠ። ቢምረው ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ። ወልደሩፋኤል ቃል አወጣ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

«የት ላይ ነው የሚያምሽ?»

ማንኛቸውን እንደጠየቀ አልለየም። ዳማም ትብለጥም አንድ ላይ መናገር ጀመሩ። ወልደሩፋኤል እጁን ዳማ ላይ አሳረፈ።

«አንቺን አላስቆርጥም። ቆይ፤ ጠብቂኝ» አላት።

ወደ ሚስቱ ዞሮ አዳመጠ። እሷ ስትጨርስ ዳማ ሥር ገብቶ ተኛ፤ እሷንም አዳመጠ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዳማ ሕመሟን ስትዘረዝር ገና ከፊት ጎማዋ አላለፈችም ነበር።

ተረቴ አለቀ። የታመመ ሲጮህ የሚያስፈራራ ሰው፣ የመጨረሻውን ጩኸት ራሱ ይጮኸዋል።