መሬት ላይ የተቀመጠችው እናት

አንዲት ሴት ነበረች። እውነተኛ ስሟን ለእኔ ተዉልኝና ጥሩወርቅ እንበላት። ቤቷ ኮምቦልቻ ነው። ልጇ ገና ድክ ድክ ስትል ለታናሽ እህቷ ለይርገዱ አስረክባ ቤይሩት ሄደች፤ ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠራች። የሰው ልጅ አዝላ፣ የሰው ልጅ አጥባ፣ የሰው ልጅ አስተኝታ፣ የራሷን በስልክ አሳደገች። በላከችው ቤት ተሠራ፣ ግቢ ታጠረ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ገባች። ይህን ስል አንገታችሁን የምትደፉ አላችሁ። አይዟችሁ፣ ልወቅሳችሁ አልመጣሁም።

እንግዲህ ያች ሴት ሻንጣዋን እየጎተተች በገዛ ግቢዋ በር ስትገባ፣ መጀመሪያ የተቀበላት ማን ይመስላችኋል? ልጇ? አይደለችም። እህቷ? እሷም አይደለችም። ውሻ ነው! መከታ የሚባል ቀይ ውሻ፣ ጥርሱን አግጥጦ። ልጅቱ በእናቷ ናፍቆት ስታለቅስ ይርገዱ ማባበያ ብላ ያመጣችላት ቡችላ ነበር፤ ከልጅቱ ጋር አብሮ አደገ።

ልጅቱ ማህደር ከይርገዱ ጀርባ ተሸጉጣ ታያለች። «እናትሽን ሳሚ እንጂ!» ብላ ይርገዱ ገፋ አደረገቻት። ማህደር መጣች፣ ጉንጯን አስነካችና «እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ» አለቻት።

እትዬ! ሰማችሁ? ይርገዱን «እማዬ» ነው የምትላት። የወለደቻትን ግን «እትዬ»፣ ልክ እንደ ጎረቤት ሴትዮ። ጥሩወርቅ ሆድ ባሳት፣ ግን ሳቀች። ሻንጣውን ከፍታ ጫማ አወጣችላት፤ ጫማው ጠበበ። ለካ ስትገዛው በልቧ የነበረችው ያቺ ጥላት የሄደችው ትንሿ ልጅ ናት። ማህደር «አመሰግናለሁ» ብላ ጫማውን ወደ ሳጥኑ መለሰችው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጭንቅ የውሻው ነው። ጥሩወርቅ ልጇን ልታቅፍ በተጠጋች ቁጥር መከታ መሃላቸው ይገባና ያጉረመርማል። ፀጉሯን ልታበጥርላት ብትቀመጥ ያጉረመርማል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ልትስማት ብትሮጥ ያጉረመርማል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥሩወርቅ አልቻለችም። «ልጄ አይደለሽም እንዴ!» ብላ ማህደርን ሳብ አድርጋ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ውሻው ዘሎ የሹራቧን እጅጌ ያዘና ከላይ እስከ ታች ተረተረው።

«ይሄ ውሻ ካልሞተ እኔ እዚህ ቤት አልኖርም!» ብላ ጮኸች።

ጎረቤቷ እትዬ ብርቄ ጩኸቱን ሰምታ ከአጥሩ ማዶ ብቅ አለች። «ሥጋ ውስጥ መርዝ ጣል አድርጊለትና ተገላገዪ!» አለቻት። ምክር ከአጥር ማዶ መቼ ጠፍቶ ያውቃል?

ይርገዱ ግን፣ «ተይ እህቴ፣ ውሻ በበላበት ይጮሃል። ይለምድሻል፣ ታገሺው» አለቻት።

«የበላውስ የማንን ነው? የእኔን አይደል? እዚያ ወለል ስፈገፍግ የዋልኩት እሱም እንዲበላ አይደል?»

እውነቷን ነው፣ ወገኖቼ። ያበላችው እሷ ናት። ግን ውሻው ቤይሩትን አያውቃትም። የሚያውቀው ሳህኑን ጎንበስ ብላ የምታስቀምጥለትን እጅ ነው። ልጅስ ቢሆን ከዚህ የተለየ ምን ያውቃል?

መርዙን ፈራችው። ልጅቱ ፊት እየተንፈራገጠ ቢሞትስ? መርፌ ይሻላል አለች፤ ተወግቶ ተኝቶ ይቀራል። ወደ እንስሳት ክሊኒክ ልትወስደው ተነሳች። ነገር ግን ጉድ አለ፤ ውሻው ከማህደር ሌላ ማንንም አይከተልም። ስለዚህ ምን አለቻት? «ክትባት ልናስከትበው ነው፣ ገመዱን ያዢልኝ።» ማህደር ደስ አላት። ወዳጇን በገዛ እጇ ወደ ሞቱ እየመራች፣ እየዘለለች ሄደች። እናቲቱ ከኋላ ትከተላለች። ይህን ሥራ ሠርታ ያቺን ልጅ መልሳ የምታገኛት መስሏት ነበር። ቁጣ ሲይዘን እንዲህ ነው፤ ዓይን አያሳይም።

ክሊኒኩ ደጃፍ ጀርባው የተላጠ አህያና ሁለት በጎች ወረፋ ይዘዋል። ሐኪሙ ዶክተር እንድሪስ ይባላሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ ሰው። ጥሩወርቅ ጠጋ ብላ ልጅቱ እንዳትሰማ፣ «ዶክተር፣ ክትባት ብዬ ነው ያመጣኋት። የሚገድለውን መርፌ ይውጉልኝ» አለቻቸው።

«ምን አድርጎ ነው?»

«ነክሶኝ ነዋ! በገዛ ቤቴ!»

«ቆዪ እስቲ፣ መጀመሪያ ልመርምረው» አሉ። ጆሮውን አዩ፣ ድዱን ገለጡ፣ ሆዱን ዳበሱ፣ እግሮቹን አንድ ባንድ አጠፍ ዘርጋ አደረጉ። አንዳንዱ ውሻ የሚነክሰው አሞት ነው። መከታ ግን ጤነኛ ነበር፤ ማህደር አንገቱን አቅፋው ዝም ብሎ ተመረመረ።

«የነከሰሽን አሳዪኝ» አሉ። የተቀደደውን ሹራብ አሳየቻቸው። ክንዷን ገልብጠው አዩት፤ ጭረት እንኳ የለበትም። ፈገግ አሉ።

«እህቴ፣ ይሄ ውሻ ሊነክስሽ ቢፈልግ ወላሂ ሹራብ ላይ አያቆምም ነበር። ተይ ነው ያለሽ። መቼ መቼ ነው የሚያጉረመርመው?»

«ልጄን ላቅፍ ስል!»

«ሌላ ጊዜስ?»

አሰበች። «ሌላ ጊዜ... ዝም ብሎ ያየኛል።»

ዶክተር እንድሪስ ቀና ብለው ልጅቱን አዩ፣ እናቲቱን አዩ። ከዚያ፣ «እስቲ ከዚህ ተነስተሽ ቀስ ብለሽ ወደ ልጅሽ ሂጂ» አሏት። «አንድ ነገር ግን አደራ፤ ውሻውን አትዪው። ልጅሽን ብቻ እዪያት።»

ጥሩወርቅ ሄደች። ዓይኗን ማህደር ላይ አድርጋ ሄደች። ከመጣች ጀምሮ አቅፋት፣ ስማት፣ ጎትታት ነበር እንጂ እንዲህ ቆም ብላ አይታት አታውቅም። ምን አየች? የልጅቱ ትከሻ ወደ ጆሮዋ ከፍ አለ። ገመዱን በእጇ ጨምደድ አደረገችው። ትንፋሿን ያዘች። ከዚያ፣ ከዚያ በኋላ፣ ውሻው አጉረመረመ።

«አሁን ወደ ኋላ ተመለሺ» አሏት። ተመለሰች። የልጅቱ ትከሻ ወረደ። ውሻውም ተኛ።

ሐኪሙ ወደ ጥሩወርቅ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት፦ «የቱ ቀደመ?»

ጥሩወርቅ መልሱን በዓይኗ አይታዋለች።

«ውሻው አንቺን አልጠላም» አሉ። «እሷ 'እፈራለሁ' ማለት አልቻለችም፤ እሱ ይልላታል።»

ግድግዳው ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። በሩ ላይ ቆሞ የነበረው የአህያው ባለቤት እንኳ ፊቱን አዞረላት። «ዶክተር፣ ልጄ ትፈራኛለች?» አለች።

«አታውቅሽም፣ እህቴ። የማያውቁትን መፍራት ነውር አይደለም። አንቺስ እዚያ አገር መጀመሪያ ስትገቢ አልፈራሽም?»

ፈርታ ነበር። በዚያ በማታውቀው ቤት ወጥ ቤቱ ጥግ ቆማ፣ ማንም እንዳይነካት ትከሻዋን ሰብስባ የቆመችበት ቀን ትዝ አላት። የባሰ አለቀሰች።

ዕንባዋን እስክትጠርግ ጠበቁና መከሯት። «ከዛሬ ጀምሮ ወደ ውሻው አትሂጂ። ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተቀመጪ። ፊት ለፊት አትዪው፣ ጎንሽን ስጪው። የሚበላውን አጠገብሽ አድርጊለት፣ እጅሽን ግን አትዘርጊ። መጣ አልመጣ ብለሽ አትጨነቂ፤ የራስሽን ሥራ ሥሪ። ሥራሽ ሲያልቅ ተነሺና ግቢ። ነገም እንደዚያው።»

«እስከ መቼ?»

«እሱ ራሱ እስኪመጣ።»

ጥሩወርቅ፣ «ልጄንስ?» አለች።

«እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ እህቴ» አሉና ወደ መድኃኒቱ መደርደሪያ ዞሩ። «ይልቅ ክትባት ብለሽ አይደል ያመጣሻት? እንግዲያው ክትባቱን ልስጠው። ውሸታም አትሁኚባት።»

ወገኖቼ፣ እኔ እዚህ ቦታ ስደርስ እኚያን ሰው ሄጄ ግንባራቸውን መሳም ያምረኛል።

ጥሩወርቅ ቤቷ ገባች። በማግስቱ ሰፌድ ላይ ምስር አፍስሳ፣ ግቢው መሃል መሬት ላይ ቁጭ ብላ መልቀም ጀመረች። እትዬ ብርቄ ከአጥሩ ማዶ፣ «ምነው፣ ማን ሞተብሽ? ወንበር ጠፋ እንዴ ከዚህ ሁሉ ቤት?» አለቻት። ጥሩወርቅ ጠጠሯን ለቅማ ጣለች። ውሻው ከሩቅ ያያታል። የእንጀራ ቁራሽ አጠገቧ ታስቀምጣለች፤ አይመጣም። ተነስታ ስትገባ መጥቶ ይበላል።

ቀላል ነበር እንዳትሉ። አንድ ቀን ረስታ እጇን ብትዘረጋ ውሻው ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ እንደገና እንደ አዲስ ሆነ። «እኔ ነኝ እብዷ፣ የውሻ መጫወቻ የሆንኩት!» ብላ ሰፌዱን ጥላ ገባች። ይርገዱ ምስሩን ከአፈር እየለቀመች፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ እህቴ» አለቻት። ጥሩወርቅ በማግስቱ ወጥታ ተቀመጠች።

ሳምንታት አለፉ። ውሻው እሷ ተቀምጣ እያለ መብላት ጀመረ። ከዚያ በልቶ እዚያው መተኛት ጀመረ። አንድ ቀን ጀርባውን ለእግሯ አስደግፎ ተኛ፤ እሷ ግን አልነካችውም፣ ምስሯን ለቀመች።

ታዲያ ይህን ሁሉ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የምታይ ልጅ አለች። በፊት ላይኛው ደረጃ ላይ ነበረች። ሌላ ቀን ታችኛው ላይ። «መከታ፣ ና» ብትለው መከታ ጭራውን ወዘወዘ እንጂ ከጥሩወርቅ እግር ሥር አልተነሳም። ማህደር ግራ ገባት። ትንሽ አሰበችና እሷ ራሷ መጣች። ከውሻው ወዲያ ማዶ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እጇን ወደ ሰፌዱ ሰደደችና አንዲት ጠጠር አውጥታ ጣለች። ሌላም ጣለች። ክንዷ የእናቷን ክንድ ነካ።

እናቶች፣ እናንተ ንገሩን። በዚያች ሰዓት የጥሩወርቅ አንጀት ምን ይላል? እቀፊያት፣ እቀፊያት ይላል። እጇን ምስሩ ውስጥ ቀብራ ያዘችው። የልጅቱን ትከሻ በጎን ዓይኗ አየች። ትከሻው ዝቅ እንዳለ ነው። አብረው ለቀሙ።

ምስሩ አለቀ። ሐኪሙ ሥራሽ ሲያልቅ ተነሺ ብለዋት የለ? ሰፌዱን ይዛ ተነሳች።

ማህደር ቀና አለች። «የት ልትሄጂ ነው?» አለቻት።

የት ልትሄጂ ነው! ሰባት ዓመት በልጅቱ ሆድ የተቀመጠ ጥያቄ ነው፣ ወገኖቼ። ያን ጊዜ አፍ ስላልፈታች አልጠየቀችም ነበር።

ጥሩወርቅ ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። «የትም» አለች። «የትም አልሄድም።» መልሳ ተቀመጠች። ልጅቱ ውሻውን ትራስ አድርጋ፣ እግሮቿን እናቷ ጭን ላይ ዘረጋች። የተለቀመው ምስር ለዚያ ቀን ራት አልደረሰም፤ ይርገዱ በመስኮት አይታቸው ዕንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ሽሮ ሠራች።

እሺ። አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ሰዓት የምታዩ፣ አንዴ ታገሡኝ።

በእናንተ ቤት የሚያጉረመርመው ማነው? አለ አይደል? ስትገቡ ፊቱን የሚያጠቁር ጎረምሳ ልጅ? እናንተና ትንሿ እህቱ መሃል የሚቆም? «ይሄ ልጅ ባለጌ ሆነብኝ፣ ካልተቀጣ አይሆንም» ትላላችሁ። እህሳ! የቱ ቀደመ? የእሱ ማጉረምረም ነው ወይስ የእሷ ትከሻ? አይታችኋል? ቆም ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እናንተ አባቶች፣ «ለማን ብዬ ነው የምለፋው?» ትላላችሁ። እውነታችሁን ነው፣ ለእነሱ ነው። ልፋታችሁን ማንም አይክደውም። ግን የለፋ ሰው ሁሉ አይታወቅም። ልጅ የሚያውቀው አጠገቡ የተቀመጠውን ነው።

የእኛ ጌታ ቤቱ የራሱ አልነበረም? ሠሪውስ እሱ አልነበረም? ጎትቶ ደረቱ ላይ ሊለጥፈን አቅም አጥቶ ነው? ግን ምን አደረገ? ወረደ። በከብቶች መሃል፣ መሬት ላይ፣ ሕፃን ሆኖ። ማንም የማይፈራው ሆኖ መጣ። ከዓሣ አጥማጆች ጋር ተቀመጠ፣ በላ፣ ጠበቀ። እኛስ ዛሬ እዚህ የመጣነው አስገድዶን ነው? ጠብቆን ነው እንጂ።

እንግዲህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ በሩ ላይ ቆም በሉ። እጃችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት ትከሻቸውን እዩ። ከፍ ካለ አትቆጡ፣ አትጎትቱ፣ የዋላችሁበትን ድካም አትቁጠሩባቸው። ተቀመጡ። ነገም ተቀመጡ። አንድ ቀን ልትነሱ ስትሉ፣ ከእነዚያ ከምትወዷቸው አንዱ ቀና ብሎ «የት ልትሄድ ነው?» ይላችኋል። ያን ጊዜ የምትመልሱትን ከጥሩወርቅ ሰምታችኋል።