ቅጠሉን ያላመነው ባለመድኃኒት

አንዲት ሴት ነበረች። ሥራዋ የአገር ቤት ቅጠላ ቅጠል መመርመር ነው። ታደርቃለች፣ ትፈጫለች፣ ጭማቂውን ታወጣለች፤ ከዚያ እግራቸው ላበጠ አይጦች ሰጥታ እብጠቱ ይጎድል እንደሆነ ትለካለች።

እናቷ የጉልበት በሽተኛ ናቸው። ከሰፈሩ ባለመድኃኒት፣ ከአያ ደምሌ፣ የቅጠል ዱቄት እየወሰዱ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ይጠጣሉ። በከዘራ ይሄዱ የነበሩ ሴት ቆመው ማስቀደስ ጀመሩ! ልጅ ደስ አይላት? ከዱቄቱ ቆንጥራ ወሰደችና ለአይጦቹ ሰጠች። እብጠቱ ከቀትር በፊት ሟሸሸ።

የሥራዋ ደንብ ግን ቅጠሉን በገዛ እጅሽ ቀጥፈሽ ድገሚው ይላል። ቀጠፈች፣ ደገመች። ያው ቅጠል ነው፤ እብጠቱ ግን የጎደለው በጥቂቱ ነው፣ ያውም ቀስ ብሎ። ጠረጠረች። የደምሌን ዱቄት ከፋርማሲ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ጋር ጎን ለጎን አድርጋ መረመረችው። ምን አገኘች? የተፈጨ ክኒን! ቅጠሉ ውስጥ ተደብቆ!

ወደ ቤት በረረች። ምን ያደርጋል፣ ክኒኑ ጨጓራቸውን አድምቶት እናቷ ደም ሲያስታውኩ ደረሰች። ሆስፒታል ገቡ፤ በእግራቸው አልወጡም።

ደምሌ ለቅሶ መጣ። አዎ፣ መጣ! ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ።

«ምን ቀላቀልክበት?» አለችው፣ አንቱታዋን ጥላ።

«ልጄ፣ ሰው ዛሬ ጠጥቶ ዛሬ ካልተሻለው ነገ ይመለሳል? ቅጠል ብቻውን ምን ይሠራል ብዬ ነው።»

«ይሠራ ነበር!» ብላ ጮኸች። «ለክቼዋለሁ! ቀስ ይላል እንጂ ይሠራል! አንተ ነህ ያላመንከው!»

ወገኖቼ፣ ተናደዳችሁ አይደል? እኔም ተናድጃለሁ። ንዴታችሁን ይዛችሁ ቆዩኝ።

ጠዋት ስለት ተስላችሁ ማታ ጠንቋይ ቤት የምትገቡት እናንተ አይደላችሁም? «እግዚአብሔር ይፈርዳል» ብላችሁ በዳኛው ጓሮ የምትዞሩትስ? ከማተባችሁ ጋር ክታብ ያሰራችሁትስ? ለምን? ጸሎት ብቻውን ምን ይሠራል ብላችሁ ነዋ! እግዚአብሔር ዘገየባችሁ!

እኔስ ብሆን? እልልታችሁ የቀዘቀዘ ሲመስለኝ ያላየሁትን ተአምር አየሁ ብዬ ሰብኬ አላውቅም? አውቃለሁ። በዚሁ ቦታ ቆሜ! እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ትሉ የለም? እዚያ ቤት የፈሰሰው ደም ነው፤ አይለቀምም።

ያ ቅጠል እኮ መድኃኒት ነበር! ደምሌ ቅጠሉን ብቻውን ሰጥቷቸው እኒያ እናት በከዘራቸው ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበሩ። እናንተም ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የቀላቀላችሁትን አውጥታችሁ ድፉት። አምኗችሁ ከእጃችሁ የሚጠጣ ሰው ቤታችሁ ተቀምጧል።