አጥር ላይ የተሰቀሉት ሦስት ጋቢዎች

አንድ በገደል አናት ላይ የሚኖር ገዥ ነበር። ከገደሉ ሥር ወንዝ ይፈሳል፤ ከወንዙ ዳር ደግሞ ሠላሳ ሁለት ቤት ያለው መንደር አለ። አፈሩ ማሽላ ያበቅላል፣ ሣሩ ከብት ያወፍራል፤ ስለዚህ ሰዎቹ ወንዙን እየፈሩም ቢሆን ከዳሩ አይርቁም። የሚፈሩት ደራሽ ውሃ ነው። ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ መንደሩ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ጎርፍ ከተፍ ይላል።

ገደሉ ላይ የቆመ ሰው ግን ውሃውን ከሩቅ ያየዋል። ስለዚህ ገዥው ሰባት መለከተኞችን በገደሉ ጫፍ ላይ ደርድሮ አቆመ። ውሃው ሲታይ መለከቱ ይነፋል፤ የሰማ ሁሉ ሕፃኑንና ሽማግሌውን ይዞ ከማሽላው ማሳ ባሻገር ወዳለው ጉብታ ይሮጣል። ጉብታው ሩቅ አልነበረም።

ችግሩ ድምፁ ነበር። ወንዙ ይጮኻል፣ ነፋሱም ይቀያየራል። ሰባቱ ዝም ብለው እኩል ከነፉ አንዱ የሌላውን ድምፅ ያደናቅፋል፤ ታች ሲደርስ እንደ ንብ ጥዝ ከማለት አያልፍም። ነገር ግን እንደየቆሙበት ቦታ አንዱ በጥቂቱ ቀድሞ፣ ሌላው ለአፍታ ዘግይቶ ከነፋ የሰባቱም ድምፅ መንደሩ ላይ ባንድ ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ የተኛ ያስነሳል። ማን መቅደም፣ ማን መዘግየት እንዳለበት የሚወስነው ነፋሱ ነው። ገደል ላይ ያለ ነፊ ደግሞ ድምፁ ከታች እንዴት እንደሚሰማ አያውቅም፤ የሚያውቀው መንደር ያለ ሰው ብቻ ነው።

ለዚህ ሥራ የተመረጠው ጓንጉል የሚባል ጆሮው የነቃ ገበሬ ነበር። ሁልጊዜ ጎህ ሲቀድ ሰባቱ መለከቶች ተራ በተራ ይነፋሉ። ጓንጉል ያዳምጥና ገደሉን ሽቅብ ይወጣል። እላይ ሲደርስ ከገዥው አጋፋሪ ፊት እጅ ነስቶ ስለ እያንዳንዱ መለከት ቃሉን ይሰጣል፦ ምን ያህል እንደጮኸ፣ ቀድሞ ይሁን ዘግይቶ እንደደረሰ፣ ምን እንዳደበዘዘው። ጸሐፊው ይጽፋል፣ አጋፋሪው ማኅተም ያሳርፋል፣ ከዚያ በኋላ ነፊዎቹ ተራቸውን ያስተካክላሉ። ይህ ሁሉ እስኪሆን ፀሐይ አናት ላይ ትወጣለች፤ የማለዳው ነፋስም ሄዶ ሌላ ይተካል። መለከቱ የሚስተካከለው ላለፈ ነፋስ ነበር። የጓንጉልንም ማሳ አረም ዋጠው፤ ሚስቱ ተዋበች ትንሿን ልጃቸውን ወለላን አዝላ ብቻዋን ትኮተኩታለች።

በገደሉ ላይ አባ ቢተው የሚባሉ አሮጌ መለከተኛ ነበሩ። አርባ ዓመት ነፍተው ጥርሳቸው ሲረግፍ ሥራውን ተዉት፤ ቦታውን ግን አልተዉትም። አንድ ቀን ጓንጉል እያለከለከ ሲደርስ ጠሩት።

«ልጄ፣ በዚህ ሸለቆ ስንት ዓይነት ነፋስ የሚነፍስ ይመስልሃል?»

«ማን ይቆጥረዋል አባ!»

«እኔ ቆጥሬዋለሁ፤ ምን ሥራ አለኝ? አራት ነው። ሌላው ሁሉ ከአራቱ ወደ አንዱ የሚጠጋ ነው። እንግዲህ ለአራት ነፋስ ሰባት መለከት እያነሳህ እየጣልክ የምትንገላታው ለምንድን ነው?»

ሽማግሌው አራት አነፋፍ አዘጋጅተው ለነፊዎቹ አስተማሩ። ጠዋትና ከሰዓት አራቱም በቅደም ተከተል ይነፋሉ። መንደሩ የሚመልሰው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ በደንብ የተሰማው ስንተኛው ነው? አንደኛው ከሆነ በጓንጉል ቤት አጥር ላይ አንድ ነጭ ጋቢ ይሰቀላል፤ ሦስተኛው ከሆነ ሦስት። ነፋሱ ካልተለወጠ የተሰቀለውን መንካት አያስፈልግም። ገደል ላይ ያለ ሰው አጥሩን አይቶ በዚያችው ቅጽበት ያስተካክላል። ቆጣሪዋ ተዋበች ሆነች፤ የጎደለውን ጋቢ ከጎረቤት ተዋሰች።

በዚያ ክረምት ደራሽ ውሃ ሦስት ጊዜ መጣ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሰው ቀድሞት ጉብታው ላይ ተገኘ። ዶሮ እንኳ አልጠፋም። የጓንጉልም ማሽላ ከቁመቱ በላይ በቀለ።

ደስ ያላለው አጋፋሪው ነበር። ግቢው ጭር አለበት፤ እጅ የሚነሳው ሰው አጣ። ወደ ገዥው ገብቶ፦ «ጌታዬ፣ መንደሩ ድሮ ዳገት ወጥቶ፣ ዝቅ ብሎ ቃሉን ያቀርብ ነበር። አሁን ጋቢ ይሰቅልልናል። ነገ ደግሞ ቀሚስ ይሰቅል ይሆናል» አለ። ከአሥር ቀን በአንዱም ድምፁ እንደሚደበዝዝ ጨመረበት። ገዥው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን መናቅን ይፈራ ነበር። ሽማግሌውን አስጠራቸው።

«የሰባቱንም ዝርዝር ማወቅ እፈልጋለሁ» አላቸው።

«ይወቁት ጌታዬ። ግን አውቀው ምን ያደርጉበታል? ነፊው የሚነፋው ያው ከአራቱ አንዱን ነው።»

«ድምፁ አንዳንዴ ይደበዝዛል ተብያለሁ።»

«እውነት ነው፣ ይደበዝዛል። ደብዘዝ ብሎ በሰዓቱ የደረሰ ያድናል፤ ጥርት ብሎ የዘገየ ግን ለለቅሶ ነው የሚደርሰው። ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም ጌታዬ።»

አጋፋሪው ብድግ አለ። «በጌታዬ ፊት አህያ ተነሳ!»

ስለ ነፋስ የተጀመረው ጉዳይ ስለ አህያ ሆኖ አረፈው። አባ ቢተው ከገደሉ ጫፍ ድርሽ እንዳይሉ ተከለከሉ። የድሮው ሥርዓት ተመለሰ፤ እንዲያውም ጠበቀ። የመንደሩ ቃል ተሰጥቶ፣ ተጽፎ፣ ማኅተም ሳያርፍበት ማንም ነፊ ተራውን እንዳይለውጥ ታዘዘ። የለወጠ ሥራውን ያጣል። አራቱ አነፋፍ ጠዋትና ከሰዓት መሰማታቸው አልቀረም፤ ለልምምድ ይነፋሉ። ጋቢው ግን ከእንግዲህ እንደ ቃል አይቆጠርም ተባለ። ጓንጉል ዳገቱን እንደገና መውጣት ጀመረ። ተዋበችም ምናልባት የሚያይ ሰው ቢገኝ ብላ ጋቢዎቹን መስቀሏን አልተወችም።

በነሐሴ አንድ ቀን ጓንጉል ከአጋፋሪው ፊት ቆሞ የአራተኛውን መለከት ቃል እየሰጠ ሳለ የነፊዎቹ አለቃ እየሮጠ መጣ።

«ውሃው መጥቷል! ነፋሱ ዞሯል! በትናንቱ ተራ ብንነፋ ድምፁ መንደሩ አይደርስም፤ ምን እናድርግ?»

«ቃሉ አላለቀም» አለ አጋፋሪው። «ሦስት መለከት ይቀራል።»

ጓንጉል ወደ ገደሉ ጫፍ ሮጠ። ቁልቁል ሲያይ ቤቱን አየ፣ አጥሩን አየ። አጥሩ ላይ ሦስት ነጭ ጋቢ ተሰቅሏል። ሚስቱ በርቀት አንሳ ትታያለች፤ ልጃቸውን አዝላ ጎንበስ ብላ ትኮተኩታለች።

«ሦስት ነው!» ብሎ ጮኸ። «ሦስተኛው ነው! አጥሩን እዩት! ስለ ማርያም፣ ሦስተኛውን ንፉ!»

ነፊዎቹ ጋቢውን አይተዋል። ጠዋትም አይተውት ነበር። ሁሉም ዞረው አጋፋሪውን ተመለከቱ።

«ጋቢ ቃል አይደለም» አለ አጋፋሪው። «ና፣ ወደ ቦታህ ተመለስ። አምስተኛው እንዴት ነበር?»

ጓንጉል ተመለሰ። ምን ያድርግ? ቃሉ ካላለቀ የነፊዎቹ ተራ አይለወጥም። እያለቀሰ አምስተኛውን፣ ስድስተኛውን፣ ሰባተኛውን ተናገረ። ጸሐፊው ጻፈ፤ አንዱንም መስመር ሁለት ጊዜ ጻፈው። ሰሙ ቀለጠ፣ ማኅተሙ አረፈ። ሰባቱም በሦስተኛው አነፋፍ ነፉ።

በዚያ ገደል ላይ እንደዚያን ቀን ያማረ መለከት ተነፍቶ አያውቅም ይባላል። ሰባቱ ድምፅ አንድ ሆኖ በትክክል መንደሩ ላይ አረፈ። ውሃውም አብሮ ደረሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ከሠላሳ ሁለቱ ቤት የተረፉት ከብት ይዘው ዳገት ላይ የዋሉ ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ተዋበችና ወለላ ከእነሱ ውስጥ አልነበሩም። ጓንጉል የተረፈው ቃል ሲሰጥ በመዋሉ ነው፤ ይህን ዕድል ብሎ የሚጠራ ካለ ይጥራው።

በማግስቱ ገዥው ራሱ አደባባይ ወጥቶ ተቀመጠ። አጋፋሪው እንደ ልማዱ የመንደሩ ቃል ይቅረብ አለ። ጓንጉል መጣ። ማንም አልጎተተውም፤ በራሱ እግር መጥቶ እንደ ሥርዓቱ እጅ ነሳ።

«ስለ አንደኛው መለከት» አለ፣ «የሰማ የለም።»

ጸሐፊው ብዕሩን አነሳ።

«ስለ ሁለተኛው መለከት፣ የሰማ የለም። ስለ ሦስተኛው መለከት፣ የሰማ የለም።»

«ይበቃል» አለ ገዥው።

«አይበቃም ጌታዬ» አለ ጓንጉል። «አራት ይቀራል።»

እስከ ሰባተኛው ድረስ አንድ በአንድ ተናገረ። ገዥው ሙሉውን ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጦ የሰማው ያን ቀን ነው። ከዚያ ጓንጉል እጅ ነስቶ ወጣ፤ ወዴት እንደሄደ አይታወቅም።

ይህን ታሪክ ባስታወስኩ ቁጥር የምናደደው በውሃው አይደለም፤ ውሃ ሥራው መፍሰስ ነው። የሚያናድደኝ መልሱ ከጠዋት ጀምሮ አጥር ላይ ተሰቅሎ መዋሉ ነው። ከበታቻችን ያለውን ሰው ስንጠይቀው ብዙ ማወቅ የሚገባን ይመስለናል፤ ዝርዝሩ ሲበዛ የተከበርን፣ ቃሉ ሲረዝም የተጠነቀቅን ይመስለናል። ሊጠየቅ የሚገባው ግን እጃችን የሚሠራውን ነገር የሚለውጠው ብቻ ነው። አንድ ቁጥር የሚበቃበት ቦታ ላይ ሰባት ቃል የሚያስቆጥር ሰው ትርፉን የሚወስደው ከሌላው ሰው የመሸሻ ጊዜ ላይ ነው።

እናንተስ? በእናንተ ደጅ ቆሞ አምስተኛውን መለከት የሚናገር ሰው አለ? ካለ ለአፍታ አቁሙትና ቁልቁል ተመልከቱ፤ አጥሩ ላይ የተሰቀለ ጋቢ ይኖር ይሆናል።