ትርንጎና ታወሩ ላይ የሰፈሩ ንቦች

ተረት ተረት፤ የሽቦና የብረት!

ትርንጎ የምትባል የከፍተኛ ኤሌክትሪክ መስመር ቴክኒሻን ነበረች፤ ደመና ጥግ ወጥታ ስትሠራ የምታንጎራጉር። አንድ ቀን ጠዋት ሽቦውን ከታወሩ ብረት የሚለየው ስኒ ተሰበረና አገሩ ሁሉ መብራት አጣ። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ደብሪቱ ደወለችላት።

«ትርንጎዬ፣ ፍሪጁ እየሞቀ ነው። የሕፃናቱ ክትባት እስከ ማታ አይቆይልኝም!»

ትርንጎ መስመሩ መዘጋቱን አረጋገጠች፤ ቀበቶዋን ታጠቀች። ጓደኞቿ ገመዱን ይዘው ከታች ቆሙ። እጇን ወደ ብረቱ ስትሰድ፣ ቡዝዝዝ! የንብ መንጋ የታወሩ እግር ላይ ሰፍሯል።

«እባካችሁ ተነሡልኝ» አለች።

«ቤት ሳይኖረን ወዴት?» አሉ ንቦቹ።

ንቡ ካልተነሣ ትርንጎ አትወጣም፤ ትርንጎ ካልወጣች መብራት አይመጣም።

ወደ ንብ አናቢው ወደ አቶ ጥጋቡ ሮጠች።

«አባባ፣ ቀፎ ይስጡኝ።»

«ቀፎስ አለኝ ልጄ። በእርጥብ እበት ካልለቀለቅሁት ግን ንብ አይገባበትም። ከብቱ ሁሉ ግጦሽ ወርዷል፤ ቤት የቀረችው አራሷ ቦራ ናት። እሷን ለምኛት።»

ቀፎው ካልተለቀለቀ ንቡ አይነሣም፤ ንቡ ካልተነሣ ትርንጎ አትወጣም፤ ትርንጎ ካልወጣች መብራት አይመጣም።

ቦራ በረቷ ውስጥ ታመሰኳለች።

«ቦራዬ፣ ትንሽ እበት ጣይልኝ።»

«ፉርሽካ ሳልቀምስ? እንዲያው በነፃ?» አለች ላሚቱ ፊቷን አዙራ።

ቦራ ካልቀመሰች እበት የለም፤ እበት ከሌለ ቀፎው አይለቀለቅም፤ ቀፎው ካልተለቀለቀ ንቡ አይነሣም፤ ንቡ ካልተነሣ ትርንጎ አትወጣም፤ ትርንጎ ካልወጣች መብራት አይመጣም።

የወፍጮ ቤቷ ባለቤት ወይዘሮ አስካለች በር ላይ ተቀምጠው ይብሰለሰላሉ።

«እትዬ አስካለች፣ አንድ እፍኝ ፉርሽካ!»

«ወግጂልኝ! ወፍጮዬ ቆሞ፣ ሰው እህሉን ተሸክሞ እየተመለሰ፣ ጭራሽ የመብራት ሰው ፉርሽካ ልትለምነኝ? መብራት ሳይመጣ ቅንጣት አልሰጥም!»

 የትርንጎ ስልክ እንደገና ጮኸ፤ ደብሪቱ ነበረች። ምን ብላ ታንሣው? በሩ አጠገብ ያለ ጆንያ ላይ ዘፍ አለችና በአንድ ትንፋሽ አወረደችው።

«እትዬ፣ እርስዎ ፉርሽካ ካልሰጡ ቦራ አትቀምስም፤ ቦራ ካልቀመሰች እበት የለም፤ እበት ከሌለ ቀፎው አይለቀለቅም፤ ቀፎው ካልተለቀለቀ ንቡ አይነሣም፤ ንቡ ካልተነሣ እኔ አልወጣም፤ እኔ ካልወጣሁ መብራት አይመጣም፤ መብራት ካልመጣ የእርስዎ ወፍጮ አይዞርም፤ የሕፃናቱም ክትባት ይበላሻል!»

ወይዘሮ አስካለች ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

«ቆይማ! ታዲያ ወፍጮዬን አስሬ የያዝኩት እኔው ነኛ?»

እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። የወፍጮውን ሥር ጠራርገው ፉርሽካውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና «ሩጪ!» አሏት።

አስካለች ሰጡ፤ ቦራ ቀመሰች፤ ጅራቷን አነሣች፤ እበቱ ዱብ አለ፤ አቶ ጥጋቡ ቀፎውን ለቀለቁ፤ ንቡ «እሰይ፣ ቤት!» ብሎ ገባ፤ ትርንጎ ወጣች፤ ስኒው ተቀየረ፤ ትርንጎ ወረደች፤ መብራት መጣ!

ወፍጮው ከሩቅ ማጓራት ጀመረ። ትርንጎ ስልኳን አነሣች።

«ደብሪቱ፣ እንዴት ነው?»

«ዝም በይ፣ ዝም በይ» አለች ደብሪቱ፤ ጆሮዋን ፍሪጁ ላይ ለጥፋ ነበር። «እያንኮራፋ ነው!»

እኔም ተረቴን ታወሩ ላይ አስሬ ወረድኩ፤ መውጣት የቻለ ይፍታው።